የጋሽ ሺፋ እጅ

ሳዲያ ነገሩን የሰማችው ሚኒባስ ስር በጀርባዋ ተንጋላ ነው። የላላ የጭስ ማውጫ ማርሚታ እያጠበቀች ሳለ ሁለት ጥንድ ጫማ መጥቶ ከራስጌዋ ቆመ። አንደኛው ቡናማ ነው፣ ገና ከሊስትሮ እጅ የወጣ፤ ሌላው ጥቁር ነው፣ ተረከዙ ወደ ውጭ ተበልቶ ያለቀ። የቡናማው ጫማ ባለቤት ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል እንጂ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። «አሥራ አንድ ዓመት እንጀራ በበላህበት ቤት ሞተር አቃጥለህ አስረከብከኝ» ይላል። «ዛሬ ጋሽ ሺፋም ያንኑ ካሉኝ በጽሑፍ እቀበላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብትከሰኝም ፍርድ ቤቱ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ወረቀቱን ይዤ እጠብቅሃለሁ።» ሳዲያ ጥቁሩ ጫማ እስኪመልስ ድረስ የያዘችውን ቁልፍ ሳታዞር ጠበቀች። ሰው እንዲህ ሲባል ይምላል፣ ይቆጣል፣ ቢያንስ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ጥቁሩ ጫማ ግን እንደቆመ ቀረ።

ተንሸራታ ስትወጣ ሁለቱንም አወቀቻቸው። ተናጋሪው አቶ ሚደቅሳ ነው፤ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ቢሮ ያለው የጽሕፈት ዕቃ አስመጪ፣ በአርባዎቹ አጋማሽ የሚገኝ፣ ሁለት ስልክ በአንድ እጁ የሚይዝ ሰው። ዝም ያለው ደግሞ ሾፌሩ ሰላሁን ነው፤ ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ የመኪና በር ሲዘጋ እንኳ ሳያስጮህ በመዳፉ ገፋ የሚያደርግ። መኪናዋ ግቢው በር ላይ ቆማለች። ጥቁር ሰማያዊ የቤት መኪና ናት፤ ቤንዚን የምትበላ፣ ቱርቦ ያላት። ሠፈሩ ሳይፈርስ በነበረበት በዚያ ጊዜ ልደታ ጋራዦች ውስጥ ቱርቦ ሲባል የናፍጣ ጭነት መኪና ነው ሰው ትዝ የሚለው፤ እንዲህ ያለች የቤት መኪና እምብዛም ስለማትገባ ሠፈሩ በሙሉ በድምጿ ያውቃታል። ዛሬ ግን ገና ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር እንደተሰነቀረበት ሰው።

ጋሽ ሺፋ ከቢሮአቸው ወጡ። ቢሮ ይባል እንጂ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሽቦ አልጋ፣ ማኅተም የሚቀመጥበት የብስኩት ቆርቆሮና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ አሮጌ ቺንጋዎች ያሉበት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምበት ክፍል ነው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው ከጣሊያኖች ጋራዥ ዕቃ በማጠብ የጀመሩ፣ ኋላም በልደታና በተክለ ሃይማኖት መሐል ስማቸው ከጋራዡ ታፔላ በፊት የሚጠራ መካኒክ ናቸው። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አቁመው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው ዓይናቸውን ከጨፈኑ፣ ባለመኪናው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃቸዋል። የሚሉት ደግሞ ይሆናል። ሳዲያ የእርሳቸው ሦስተኛ ልጅ ናት፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምራ፣ ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሆናት አሥራ ሁለቱን እዚሁ ግቢ ያሳለፈች። እርሳቸው በጆሮ፣ እርሷ በመለኪያ። በዚህ ይቀላለዳሉ እንጂ ተጣልተው አያውቁም።

ሚደቅሳ ነገሩን አስረዳ። መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ወስዷት ነበር። እዚያ ኮምፕሬሽኑን፣ ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት፣ ለክተው፣ ወርዷል፣ የፒስተኑ ፋሻ፣ ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት፣ አልቋል፣ ይህ ሞተር ዘይት ሳይኖረው ተነድቷል ብለውታል። ለማደስ አርባ ሁለት ሺህ ብር ጠርተውበታል። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበው ግን ዘይቱ ነው፤ ዘይት ማየት የሾፌር ሥራ ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ እዚህ ቆሟል። ጋሽ ሺፋ መርምረው ያዩትን ጽፈው፣ ማኅተም መትተው እንዲሰጡት ፈለገ። ጋሽ ሺፋ ሰላሁንን ትንሽ አዩት። የታመመ ወዳጃቸውን ለመጠየቅ ተክለ ሃይማኖት ቀጠሮ ስለነበራቸው፣ ሳዲያ በደንብ ትለካው፣ እኔ ስመለስ አይቼ እጽፋለሁ አሉ። ሚደቅሳ በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ታክሲ ያዘ። ሰላሁን የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥና ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተነግሮት ነበር። ቁልፉን አስቀመጠ። ቤቱ ግን አልሄደም፤ አሮጌ የባትሪ ሣጥን ገልብጦ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

ሳዲያ መጀመሪያ ምንም አልነካችም። ሞተሩን አስነስታ፣ ኮፈኑን ከፍታ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ሞተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ግን ይሰናከላል። መሰናከሉ ደግሞ ቦታ የለውም፤ አንድ ሲሊንደር ሞቶ ቢሆን በየዙሩ እዚያው ላይ ይጎድል ነበር፣ ይህ ግን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይስታል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልኩትን የቦቢናዎቹን ገመድ በየተራ ነቀለች። የሞተ ሲሊንደር ካለ ገመዱ ተነቀለ አልተነቀለ ሞተሩ ደንታ የለውም። እዚህ የየትኛውም ሲነቀል ሞተሩ እኩል ይወርዳል፣ ሲመለስ እኩል ይነሳል። አራቱም ይሠራሉ፤ አራቱም ደክመዋል። ካንዴላዎቹን ፈታ አወጣች። ጥላሸት ለብሰዋል፣ አለባበሳቸው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ዘይት የነካው የለም።

ቀጥላ የዘይቱን ዘንግ መዘዘች። እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቷል። በጣቶቿ መሐል አሸችው፣ አሸተተችው፤ የተቃጠለ አይሸትም። ዘይት ግን ከጥፋት በኋላም ሊሞላ ይችላልና በዚያ አልረካችም። ወደ ቱርቦው ዞረች። ሰፊውን የጎማ ቱቦ ነቅላ እጇን አስገባችና የቱርቦውን ዘንግ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሞከረችው። አልተነቃነቀም። በጣቷ ገፋ ብታደርገው ያለ ድምፅ ዞሮ ቆመ። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከር፣ ከብረቱ የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ የሆነ ነገር ነው። ዘይት የተጠማ ሞተር ፋሻው ከማለቁ አስቀድሞ ቱርቦው ይሞታል። ሳዲያ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወደ ሰላሁን ዞረች።

«ጋሽ ሰላሁን፣ ይህ ሞተር ዘይት አጥቶ አያውቅም» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ፣ በቀስታ።

ኮምፕሬሽን ለመለካት ሰው ያስፈልጋታል፤ ሰላሁን ሳትለምነው ተነሳ። ሞተሩ እንደሞቀ ነው። አራቱም ካንዴላ ወጥቷል፣ ቤንዚኑ ተቋርጧል። እርሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ቁልፉን ሲያዞር፣ እርሷ መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ አጥብቃ መርፌውን ታያለች። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ስድስት ጊዜ እስኪያስተነፍሰው ትጠብቅና «በቃ» ትላለች። አንደኛው ዘጠኝ ባር። ሁለተኛው ዘጠኝ። ሦስተኛው ዘጠኝ ከምናምን። አራተኛው ዘጠኝ። ጥርጣሬዋን ለማጥፋት ባትሪውን ከሚኒባሱ ባትሪ ጋር አያይዛ ሁሉንም እንደገና ለካች፤ አልተለወጠም። ቢሮ ገብታ የእርሷን ደብተር አወጣች፤ የለካችውን ሞተር ሁሉ የምትመዘግብበት ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ይቺኑ መኪና ለክታት ነበር። አራቱም አሥራ አንድ ተኩል ይላሉ።

እንግዲህ ያኛው ጋራዥ አልዋሸም፤ ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። ግን ምን ዓይነት መውረድ ነው? ፋሻ ሲበላ አንዱ ከሌላው ይቀድማል፤ አንዱ አሥር ሲል ሌላው ስድስት ይላል። አራቱ ተመካክረው እኩል አይወርዱም። በየቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጋ ሦስተኛ ጊዜ ለካች። ፋሻው አልቆ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ መርፌው ሽቅብ ይዘል ነበር። መርፌው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ፋሻው ደኅና ነው ማለት ነው። የቀረው ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጋርኒሲዮን፣ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አየር ትፈልጋለች። ከአጥሩ ወዲያ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነጋ አለ። ኮምፕረሰሩን እንዲያውሳት ጠየቀችው፤ ቱቦውን በአጥሩ ላይ ወረወረላት። ፒስተኑን ከላይኛው ጫፍ አድርሳ፣ ማርሽ አስገብታ፣ ፍሬን አስይዛ አየሩን በካንዴላው ቀዳዳ ሞላችው። ከዚህ በኋላ ሥራው የጆሮ ነው። አየሩ በማርሚታው ቢወጣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው፣ በአየር ማስገቢያው ቢያፏጭ የማስገቢያው ነው፣ ራዲያተሩ ውሃ ቢያፈላ ጋርኒሲዮኑ ነው። ሳዲያ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ጆሮዋን ስትደግን ነጋ ሳይነገረው ሬዲዮኑን ዘጋ። ሚኒባሱን ሊወስድ የመጣው ሰውዬ ማስቲካ ማኘኩን ተወ። አራቱንም ሲሊንደር እንዲህ አዳመጠች፤ ይህ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። የትም አያፏጭም። ሞተሩ አየሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

ሰላሁን ሻይ ጋበዛት። በሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት፣ ሻዩ አንድ ብር ከሃያ አምስት፣ አምባሻው አንድ ብር። ሁለቱም ቆመው ጠጡ። ሳዲያ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሞተሩ አየር ይይዛል፤ ሲዞር ግን የሚገባውን ያህል አይሰበስብም። ዕቃው ደኅና ከሆነ ጊዜው ነው የተበላሸው፤ ቫልቮቹ መዘጋት በሚገባቸው ሰዓት አይዘጉም። መቼ ነው የጀመረው ብላ ሰላሁንን ጠየቀችው። እርሱ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አዟዟረው።

«አንቺ ለሠርግ ደሴ የሄድሽ ሳምንት» አለ። «ጋሽ ሺፋ የሞተሩን ቺንጋ የቀየሩ ዕለት ነው። ከዚህ ስወጣ ጀምሮ ጉልበቷ የለም። በማግስቱ መጥቼ ነገርኳቸው፤ ቤንዚን ነው አሉኝ። እሳቸው ቤንዚን ነው ካሉ ቤንዚን ነው ብዬ ማደያ ቀየርኩ።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን ይህን አልተናገሩም?»

«በእሳቸው ግቢ ቆሜ?» አለ ሰላሁን። የሻዩን ከፍሎ ወደ ባትሪው ሣጥን ተመለሰ።

ጋሽ ሺፋ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ። አባትና ልጅ ቢሮው ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ከጎረቤት የመጣ ሽሮ በሉ። ሌላ ቀን ቢሆን የሚበሉበት ሰዓት የወሬ ሰዓት ነው፤ ማን መኪና ሸጠ፣ ማን ልጅ ዳረ፣ ሠፈሩ ይፈርሳል የሚባለው እውነት ነው ወይ። ዛሬ እርሳቸው ስለ በሽተኛው ወዳጃቸው ትንሽ አወሩ፣ እርሷ እህ ትላለች። መኪናዋን እንዴት አገኘሻት አሏት። እየለካሁ ነው አለች። ሳዲያ እጃቸውን ታያለች። አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም፤ የጭነት መኪና ሞተር የወደቀበት ነው። ስምንት ልጅ ያሳደገ፣ ወንድሟን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰ፣ እርሷን ራሷን ሴት ልጅ ጋራዥ ምን ትሠራለች ሲባል ቁልፍ ያስያዘ እጅ ነው። የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። ጋሽ ሺፋ በልተው፣ ታጥበው፣ ለሶላት ወጡ።

ያኔ የቺንጋውን መሸፈኛ ፈታችው፤ ቺንጋው ፒስተኖቹንና ቫልቮቹን በአንድ ጊዜ የሚያስኬድ ጥርሳም የጎማ ቀበቶ ነው። ትልቁን የታችኛውን ቡሎን በቁልፍ ይዛ ሞተሩን በእጇ ቀስ እያለች አዞረች፤ የታችኛው መዘውር ላይ ያለው ጭረት ከሞተሩ ምልክት ጋር እስኪገጥም። ገጠመ። ቀና ብላ የላይኛውን አየች። የቫልቮቹን ዘንግ የሚያዞረው ጥርሳም መዘውር ላይ ያለው ምልክት ከአጠገቡ ካለው የሞተሩ ምልክት ጋር መግጠም ነበረበት። አልገጠመም። አንድ ጥርስ ወዲህ ቀርቷል። ሙሉ ሁለት ዙር አዙራ እንደገና አየች፤ ያው አንድ ጥርስ። ቺንጋው ሲወጠር ተንሸራቶ አንድ ጥርስ ዘሏል። እንዲህ ያለ መንሸራተት የሚታየው ቺንጋ ከታሰረ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሮ ምልክቱን በማየት ነው። ይህን ያስተማሯት ራሳቸው ጋሽ ሺፋ ናቸው። ቀላል ነገር ነው፤ ያን ዕለት እንዴት እንደቀረ መገመት አላቃታትም፤ ሚደቅሳ ለአዳማ ጉዞ እየቸኮለ ስልኩን ይዞ ራሳቸው ላይ ቆሞ እንደነበር ከደሴ ስትመለስ ሰምታለች።

ሳዲያ ፊቷን አዙራ ግቢውን ተመለከተች። ሰላሁን ግድግዳው ሥር ዓይኑን ጨፍኗል። መወጠሪያውን ማላላት፣ አንድ ጥርስ መመለስ፣ መልሶ ማጥበቅ፤ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ካንዴላዎቹን ትቀይርና ካንዴላ ነው ትላለች፤ ቤንዚኑ ነው ያቆሸሸው ትላለች። ሰላሁን ይድናል፣ አባቷም ይድናሉ፣ ሚደቅሳ አርባ ሁለት ሺህ ብሩን ኪሱ ውስጥ ያስቀራል። የሚጎዳው ማነው? አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አንስታ የመወጠሪያውን ቡሎን ሩብ ዙር አላላች። ሌላ ሩብ ልታዞር ስትል የሰው ጥላ ሞተሩ ላይ ወደቀ።

ከሶላት የተመለሱት ጋሽ ሺፋ የለካችውን እንድትነግራቸው ጠየቋት። አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ዘይቱን፣ ቱርቦውን፣ አራቱን ዘጠኞች፣ የዘይት ጠብታውን፣ አየሩን። ድምፅዋ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። እርሳቸው በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፋሻ አይደለም፣ ቫልቭ አይደለም፣ ጋርኒሲዮን አይደለም ብለው እርሳቸው ራሳቸው ደመሩት። ከዚያ የያዘችውን ቁልፍ አዩ።

«ታዲያ መወጠሪያውን ለምን ትፈቺያለሽ?»

ጋሽ ሺፋ ቁልፉን ከእጇ ወስደው፣ ያላላችውን ቡሎን መልሰው አጥብቀው፣ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አጎንብሰው ሞተሩን በእጃቸው አዞሩ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። የታችኛውን አዩ። የላይኛውን አዩ። ቀና አላሉም። ሳዲያ የጀርባቸውን ቱታ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ሽበት እያየች ብዙ ቆመች። «አቶ ሚደቅሳ ቆሞብዎት አጣድፎዎት ነበር» አለች በመጨረሻ።

«እሱ ቸኮለ» አሉ። «ያሰረው እጅ ግን የኔ ነው።»

አሁን እመልሰዋለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ነው አለቻቸው። እንዳትነኪው አሏት፤ ሰውየው መጥቶ እንዳለ ይየው። ይህን ብለው ወደ ሰላሁን ሄዱ። ከእርሱ ጋር ምን እንደተነጋገሩ ሳዲያ አልሰማችም፤ ያየችው ሰላሁን ብድግ ማለቱን፣ እርሳቸው ትከሻውን ይዘው መልሰው ማስቀመጣቸውንና ራሳቸውም አጠገቡ መሬቱ ላይ መቀመጣቸውን ነው። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን፣ ግድግዳውን ተደግፈው ሚደቅሳን ጠበቁ። ነጋ አጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ምን ሆነው ነው ብሎ ሳዲያን በዓይኑ ጠየቃት፤ ትከሻዋን ነቀነቀችለት።

ሚደቅሳ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ያን ሰዓት አምስት ስድስት ሰው አለ፤ መኪናው የተሠራለት፣ ገና ወረፋ የሚጠብቅ፣ ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ ወሬ የሚያዳምጥ። ሳዲያ አባቷ ሰውየውን ወደ ቢሮው የሚያስገቡት መስሏት ነበር። ጋሽ ሺፋ ግን ሞተሩ ላይ እንዲያጎነብስ አደረጉትና ሁለቱን ምልክቶች በጣታቸው አሳዩት። ይኼና ይኼ መግጠም አለባቸው፣ አልገጠሙም፤ በዚህ ምክንያት ነው ሞተሩ የሚሰናከለው፣ ኮምፕሬሽኑም የወረደው። ሞተሩ አልተቃጠለም፤ ዘይትም አልጎደለበትም፤ ቱርቦው እንደ አዲስ ነው። ይህን ሁሉ ያወቀችው ልጄ ናት አሉ። ሚደቅሳ በደንብ አልገባውም። ማነው ታዲያ ያበላሸው አለ፤ ዓይኑ ወደ ሰላሁን ሄዶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሺፋ። ድምፃቸው ከወትሮው ከፍም ዝቅም አላለም። «ቺንጋውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ማየት የሚገባኝን ሳላይ ለቀቅኩት። በማግስቱ ይህ ሰው መጥቶ ጉልበት አጣች ብሎኛል። ኮፈኑን እንኳ ሳልከፍት ቤንዚን ነው ብዬ መለስኩት። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ንቀት ነው።»

የሚደቅሳ አንዱ ስልክ ጮኸ፣ ሳያየው ዘጋው። ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም አለ፤ ለማንም ያልሆነ፣ ለአየሩ የተጣለ ጥያቄ ነበር። ጠዋት ሚደቅሳ ፊት አፉን ያልከፈተው ሰላሁን ከግድግዳው ተነሳ።

«ሁለት ጊዜ ነግሬዎታለሁ» አለ። «አንዴ ቢሮ ደጃፍ፣ አንዴ መኪና ውስጥ። ስልክ ላይ ነበሩ።»

የሚደቅሳ ጆሮ ሥር ያለው ቆዳ ሲቀላ ሳዲያ አየች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አፍሯል፣ ያፈረበትን ቦታ ግን አያውቀውም። ጋሽ ሺፋ በበኩላቸው የሚሉትን ጨርሰዋል። ሳዲያን ወረቀት እንድታመጣ አዘዟት። አቶ ሚደቅሳ ጽሑፍ ይፈልጋሉ፣ እንጽፍላቸዋለን አሉ። እርሳቸው ተናገሩ፣ እርሷ ጻፈች፤ ሞተሩ ዘይት ጎድሎት እንዳልተነዳ፣ ጉድለቱ ቺንጋው ሲታሰር በጋራዡ የተፈጠረ እንደሆነ፣ ሾፌሩ በወቅቱ ያሳወቀ እንደሆነ። ፈርመው ማኅተሙን ከብስኩቱ ቆርቆሮ አውጥተው መቱበት። ወረቀቱን ለሚደቅሳ አልሰጡትም። ለሰላሁን ሰጡት።

ቺንጋውን ራሳቸው ሊመልሱት አልፈለጉም። አንቺ ሥሪው፣ እኔ መብራት ልያዝልሽ አሏት። መወጠሪያውን አላላች፣ ጥርሱን መለሰች፣ አጠበቀች፣ ሁለቴ በእጇ አዞረች፤ ምልክቶቹ አፍ ለአፍ ገጠሙ። ኮምፕሬሽኑን እንደገና ለካች። መርፌው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሲቆም ሚደቅሳ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየው። አዲስ ካንዴላ ታስሮ ሞተሩ ሲነሳ መንቀጥቀጡ ጠፍቷል፤ ነዳጅ ሲሰጠው የቱርቦው ቀጭን ፉጨት ከሥር ተነስቶ ሽቅብ ወጣ። ነጋ ከአጥሩ ወዲያ በጣቱ አፏጨለት። ሚደቅሳ ለጋሽ ሺፋ ስንት ልክፈል አለ። የሚከፈል ነገር የለም፣ ካንዴላውም የኔ ነው አሉት። ሚደቅሳ ሌላ ሰው ቢሆን ጥርሱን መልሶ ዝም ይል ነበር አለ። ሳዲያ አቀረቀረች። አባቷ ወደ እርሷ አልተመለከቱም።

ሚደቅሳ ቁልፉን ከመኪናዋ ነቅሎ ለሰላሁን ዘረጋለት። ቢሮ አድርሰኝ አለው፤ ቃሉ ትእዛዝ ነው፣ አነጋገሩ ግን ልመና ይመስል ነበር። ሰላሁን ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለና ሞተሩን አስነስቶ፣ መቀመጫውን ወደ ፊት አስጠግቶ፣ በሩን ለሚደቅሳ ክፍት ትቶ ወረደ። «ነገ በሰዓቴ እገባለሁ» አለው። «ዛሬ እርስዎ ይንዷት። ጠዋት ለባለቤቴ ሥራዬ ማለቁን ነግሬያታለሁ፤ ሄጄ ልመልስላት።» ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ጋሽ ሺፋን በሁለት እጁ ጨብጦ በእግሩ ወጣ። ሚደቅሳ ትንሽ ተቀምጦ ማርሽ ፈለገ፤ ለዓመታት መሪ አልያዘም።

ወረፋ ሲጠብቁ ከነበሩት አንዱ፣ በኋላ እመለሳለሁ ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃሉ። እስካሁን ያልሄደው የሚኒባሱ ሰውዬ ግን ከምንም ሳይቆጥረው የፍሬኑን ነገር ደግሞ እዩልኝ አለ። ጋሽ ሺፋ የሄደውን በዓይናቸው ሸኝተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ ቱታቸውን አወለቁ። ሳዲያ ወደ ቤት የሚሄዱ መሰላት። አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፣ ብርሃን አለ አሏት። የጨርቁን ቦርሳ አንስተው አሥራ ሦስት ቁጥሩን፣ ትልቁን የቡሎን ቁልፍና መብራቱን ከተቱበት። ከነሐሴ፣ የሚደቅሳን ካሰርኩ ወዲህ ለሦስት ሌሎች መኪናዎች ቺንጋ ቀይሬአለሁ አሉ። ለሦስቱም እንድትደውል ቁጥራቸውን በቃላቸው ነገሯት። አንደኛው አያነሳም። ሁለተኛው ለሥራ ቢሾፍቱ ወርዷል፤ እሑድ እመጣለሁ አለ። ሦስተኛው ሙስጠፋ የሚባል የሴራሚክ ነጋዴ ነው፤ ፒክአፑ ሰንጋ ተራ ሱቁ በር ላይ ቆማለች፣ ምን ሆናችሁ ነው አለ። ምንም አልሆንንም፣ እንመጣለን አለችው።

በእግራቸው ሄዱ። ጋሽ ሺፋ መንገድ ላይ ስለ ሚደቅሳም ስለ ሰላሁንም አላነሱም። እርሷ ማውራት ፈልጋ ነበር፤ ያንን ሩብ ዙር ያላላችውን ቡሎን፣ ምን አስባ እንደነበር። አይቶ ዝም ካለ ሰው ጋር ወሬው ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አስፋልት ሲሻገሩ፣ ክንዷን ያዝ አድርገው ለቀቁት። ሰንጋ ተራ ሲደርሱ ሙስጠፋ ሁለት በርጩማ አውጥቶ ጠበቃቸው። አልተቀመጡም። ጋሽ ሺፋ የእግረኛ መንገዱ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተንበረከኩ፤ ሰው በአጠገባቸው እየተጋፋ ያልፋል፣ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ሙስጠፋ ደግሞ መኪናዬ እኮ ደኅና ናት እያለ ከላይ ይናገራል። መሸፈኛውን ፈትተው በእጃቸው አዞሩ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። መብራቱን አስጠግተው አዩና ሳዲያ እንድታይ ወደ ጎን ጠጋ አሉላት።

«ልክ ነው» አለች። «አፍ ለአፍ ነው።»

ጋሽ ሺፋ መሸፈኛውን መልሰው አሰሩ። ሙስጠፋ ስንት ነው ሲላቸው እንዳልሰሙ ሆኑ። ከተንበረከኩበት ለመነሳት እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ፤ ስባ አነሳቻቸው።

«ሁለት ይቀሩናል» አሏት።